ወረንጦ አልሸጥም ያልኩበት ክረምት

ሱቅ የለኝም። ያለኝ የመኪናዬ ኋላ ነው፤ ልጆቻችን ባጋዥ የሚሉት። ስከፍተው ባለሱቅ ነኝ፣ ስዘጋው መንገደኛ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጠላ፣ የፀጉር ቅባት፣ ኩል፣ ወረንጦ። እሑድ ገዴራ፣ ሰኞ ዕቃ ማምጣት፣ ማክሰኞ ያቭኔ፣ የቀረውን ቀን እዚሁ ቂርያት ማላኪ ከምኖርበት ፎቅ ሥር። ሰንበትን አከብራለሁ፤ ፈጣሪንም ስለምፈራ፣ ደንበኞቼም ስለማይወጡ።

ወረንጦ ስል ያቺኑ የእሾህ ማውጫ ማለቴ ነው። ገዴራ አስፋልት ላይ ማንን እሾህ ይወጋዋል? ሆኖም ከበርበሬዬ ቀጥሎ የሚሸጥልኝ እሱ ነው። የሚገዙኝ ሁሉ ምክንያቱን ያውቁታል፤ ለማያውቅ ልናገር። እኛ ባደግንበት አገር በልጅነቱ የዓይን ማዝ ያልያዘው ሰው ጥቂት ነው። ማዙ ይድናል። ጠባሳው ግን በዓይን ቆብ ውስጠኛ በኩል ይቀርና፣ ዕድሜ ሲገፋ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ብሌኑ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን ባርገበገብሽ ቁጥር ብሌንሽን በሽቦ እንደመጥረግ ነው። ስለዚህ በወረንጦ ትነቅያለሽ። ትንሽ ታርፊያለሽ። ይበቅላል፤ ሲበቅልም አጭርና ደረቅ ሆኖ፣ ከበፊቱ የከፋ ሆኖ ነው። እንደገና ትነቅያለሽ። እናቴን ጎረቤቷ ትነቅላት ነበር፣ ጎረቤቷን እናቴ። እኔ ራሴን እነቅላለሁ፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ በመኪናዬ መስታወት። ከኋላዬ ያለው ሾፌር የምኳኳል መስሎት ጡሩንባውን ይነፋል። ይንፋ።

ግራ ዓይኔ ገና ድሮ ነው የደከመችው፤ ብርሃንና ጨለማ ትለያለች እንጂ ሌላ ሥራ አትሠራም። ቤቱን የምታስተዳድረው ቀኟ ናት። በዚያ ክረምት ቀኟ ላይ ጉም ይወርድባት ጀመር። መጀመሪያ የመኪናው መስታወት የቆሸሸ መስሎኝ ደጋግሜ ጠረግኩት። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ቀኟ ከሄደች መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ እኔ ባለሱቅም መንገደኛም አይደለሁም፣ በልጄ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ዕቃ ነኝ። ዕቃ መሸጥ እንጂ ዕቃ መሆን አላውቅበትም።

ቁፓት ሆሊም ደወልኩ፤ የምንታከምበት የጤና መድን ማለት ነው። ልጅቷ ለዓይን ሐኪም ያላትን ቅርብ ቀጠሮ ነገረችኝ፤ ከበጋው ማዶ ነበር።

«እስከዚያ ዓይኔን የት ላስቀምጣት?» አልኳት።

«አልገባኝም፣ እመቤት።»

«እሷም አይገባትም» አልኩና ቀጠሮውን ያዝኩ። ቀጠሮ በነጻ ነው፤ በነጻ የተሰጠኝን አልመልስም።

በዚያው ሰሞን ነው ጥናቱ የመጣው። ከአንድ ሆስፒታል የተላኩ ሰዎች ከኢትዮጵያ የመጣነውን ትልልቅ ሰዎች ዓይን ሊመረምሩ፣ ገዴራ ማትናስ በሚሉት የሰፈር አዳራሽ ውስጥ ካሜራቸውን ሊተክሉ ነው ተባለ። የድሮው የዓይን ሕመም ምን ትቶብን እንዳለፈ ማወቅ ይፈልጋሉ። ደግሞም ሬቲና የሚሏት፣ ዓይን ውስጥ ከበስተጀርባ የተለጠፈች፣ የምናየው ሁሉ የሚያርፍባት ስስ ሽፋን ጉዳት እንዳለባት ያያሉ። እኔን የሳበኝ ግን መጨረሻ ላይ የተነገረው ነው፤ ችግር የተገኘበት ሰው ያለ ወረፋ ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪም ያየዋል።

ባጋዤ ዙሪያ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ዓይናችንን ፎቶ አንሥተው ምን ሊያደርጉት ነው?» ትላለች አንዷ።

«ሳሎናቸው ሊሰቅሉት» እላለሁ።

«አንቺ ትቀልጃለሽ። ያኔ ሆስፒታል የለገስነውን ደማችንን ተቀብለው በድብቅ የደፉትስ?»

«ደም ይደፋል። ዓይንሽ ግን ካንቺው ጋር ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሂጂ።»

ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሳምንት ግን በሦስቱም ከተማ ወረንጦ አለቀብኝ። ደስ አለኝ፤ ነጋዴ ዕቃው ሲያልቅ ለምን አለቀ ብሎ አይመራመርም። እኛ ዘንድ ሐኪም ፊት መቅረብ የተከበረ ሰው ቤት እንደመሄድ ነው። ገላሽን ትታጠቢያለሽ፣ ፀጉርሽን ትቀቢያለሽ፣ ለበዓል ያስቀመጥሽውን ነጠላ ታወጪያለሽ። የሚያለቅስ ዓይን ይዞ፣ ሽፋሽፍት አንጨባሮ ሐኪም ፊት መቀመጥ ነውር ነው። እኔም በዕለቱ ጠዋት በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት አንድ በአንድ ለቅሜ ነቀልኩ፤ ልጄ የስልኳን መብራት ይዛልኝ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ወጣት መርማሪ ባትሪ አብርታ ዓይኔን አየች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን።

«ይቆረቁርሻል?»

«ዛሬ አይቆረቁረኝም።» እውነቴን ነው።

ከዚያ አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ብልጭ አደረገችው። ስክሪኑን አየችና ፊቷን አጨማደደች። «ተንቀሳቀስሽ።»

«አልተንቀሳቀስኩም።»

ደግማ ብልጭ አደረገችው። «አሁንም ተንቀሳቀስሽ። ደብዝዟል።»

«እኔ ድንጋይ ነኝ። ካሜራሽን ያዢው።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሆስፒታሉ ተደወለልኝ። «ከፊት በኩል ምንም አልተገኘብሽም። የኋላው ፎቶ ደግሞ ሁለቴም አልወጣም፤ ስለዚህ ለጥናቱ አትሆኚም። ቤሰደር ነሽ።»

«ምንም ካልታያችሁ ቤሰደር መሆኔን በምን አወቃችሁ?»

ስልኩን ዘጋችው። ቤሰደር ደህና ማለት ነው፤ እዚህ አገር ግን ከፊቴ ዞር በይልኝ ለማለትም ያገለግላል።

ነገሩ የገባኝ ማክሰኞ ዕለት ያቭኔ ነው። እዚያ አንዲት ደንበኛ አሉኝ፤ በዕድሜ የእናቴ ታናሽ ቢሆኑ ነው፣ በምላስ ግን የማንም ታናሽ አይደሉም። ባጋዡን ገና ስከፍት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ መጡ።

«አንቺ! ያችን ወረንጦ አምጪ።»

«ምን አሉዎት፣ እማማ? ውጤቱን ነገሩዎት?»

«ነገሩኝ እንጂ! ንጹሕ ነሽ አሉኝ። የልጅ ዓይን ነው አሉኝ።» ቀና ብለው ነው የሚናገሩት፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«ንጹሕ ከሆነ ወረንጦው ለምንዎ ነው?»

«ለዓይኔ ነዋ! ይኸው ይወጋኛል!»

እጄ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ለምርመራው ሲሄዱ መቼ ነበር የነቀሉት?»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት። ምነው፣ ሳልነቅል ልሂድልሽ? እንደ አሳዳጊ የበደለው?»

እኔ ከጅምላ ሻጭ በርበሬ ስገዛ ከላይ ያለውን አላይም። ከላይ ቀይ ቀዩን ደርድሮ የማያሳይ ሻጭ የለም። ክንዴን እስከ ክርኔ ከጆንያው ሥር ሰድጄ ከታች ያለውን ነው የማወጣው። እንግዲህ ይህን የማውቅ ሴትዮ፣ ራሴን ቀይ ቀዩን ከላይ ደርድሬ ለመርማሪዋ አቀረብኩላት። እሷ ደግሞ እጇን ከጆንያው ሥር አልሰደደችም። ሦስት ከተማ ሙሉ ሰው በሽታውን ቤቱ ትቶ፣ ታጥቦና ተቀብቶ ሄዶ፣ ደህና ነህ ተብሎ ተመለሰ።

«አልሸጥልዎም» አልኳቸው።

«ይኸው እጅሽ ላይ አይደል እንዴ?»

«አለ። አልሸጥም። እኔም አልነቅልም፣ እርስዎም አይነቅሉም። እንዳለን ሆነን እንደገና እስኪያዩን ድረስ።»

ትንሽ አዩኝ። «ነጋዴ ሆነሽ አልሸጥም? እነዚያ ሰዎች መመርመር የነበረባቸው ጭንቅላትሽን ነው።»

እሑድ ገዴራ ላይም እንዲሁ አልኩ፤ ቂርያት ማላኪም እንዲሁ። አንዳንዷ ሰማችኝ። አንዳንዷ ተሳድባ ሄደች፤ ከመድኃኒት ቤት የቅንድብ መንቀያ ገዝታ፣ ጫፉ ወፍራም ሆኖባት፣ ተመልሳ መጥታ እንደገና ተሳደበች። ሐኪሞቹ ከፍለዋት ነው የሚል ወሬ ወጣ። ዋጋ ልትጨምር ነው የሚልም ወጣ። ሁለተኛው ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ሙያዬን ያከበረ ወሬ ነው።

የእኔም በቀለ። ስለሕመሙ ብዙ አልናገርም፤ የያዘው ያውቀዋል፣ ያልያዘው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ጨምሮ አንድ ቀን ይዋል። ልጄ ቤኤር ቱቪያ ካለው የማሸጊያ ፋብሪካ ማታ ስትገባ ሶፋው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ታገኘኛለች።

«ኢማ፣ ዳይ!» እናቴ፣ በቃ ማለቷ ነው። «ነቅለሽ ተገላገይ! ለማን ብለሽ ነው?»

«ለቀኟ።»

«ልትጠፋብሽ ነው እኮ!»

«እየነቀልኩም እየጠፋች ነው። አሁን ስትጠፋ ግን ምስክር ይኖራታል።»

«ሜሹጋዓት!» አለችኝ፤ እብድ። ከዚያ ቁጭ ብላ የሞቀ ፎጣ ያዘችልኝ። ስትሳደብ ዕብራይስጥ ናት፣ ስታዝን አማርኛ፤ ሁለቱንም ተቀበልኩ።

መኪናውን መንዳት አቆምኩ። ሁለት ዘንቢል ይዤ በአውቶቡስ ገዴራ ሄድኩ። አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ፊቴን አይቶ አዘነልኝና ተነሥቶ አስቀመጠኝ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ወርጄ ሳልሸጥ፣ መንገዱን ተሻግሬ በሚቀጥለው አውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ልጄንም ነገ ከሥራ ቅሪ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን አልኳት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የጥናቱን በር የምትጠብቀዋን ጸሐፊ በድምፅዋ አወቅኋት፤ ቤሰደር ነሽ ያለችኝ እሷ ናት።

«ቶር አለሽ?» ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«የለኝም።»

ስሜን ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች። «አንቺ ከጥናቱ ወጥተሻል።»

«መቼ ገባሁና ወጣሁ?»

«ደንቡ ነው። ፎቶሽ ሁለቴ አልሠራም።»

«ደንቡን አልነካብሽም። እዚህ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ለወንበር ደንብ አላችሁ?»

«ዘበኛ እጠራለሁ።»

«ጥሪው። ዓይን ማየት የሚያውቅ ከሆነ ደስ ይለኛል።»

ልጄ መሬቱን ታያለች። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ከቦርሳቸው የወረቀት መሐረብ አውጥተው በሙሉ ሰጡኝ፤ ፓኬቱን ሳይቀር። ጸሐፊዋ ዘበኛውን አልጠራችም። እኔም አልተነሣሁም። ከረፈደ የጥናቱ ኃላፊ ሐኪም፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ በግማሽ የተበላ ሳንድዊች ይዞ ከውስጥ ወጣ። አልፎኝ ሄዶ ተመለሰ።

«ይህች ሴትዮ ዓይኗ ምን ሆኖ ነው?» አለ ጸሐፊዋን።

«ምንም አልተገኘብኝም» አልኩ እኔ።

አስገባኝ። ሳንድዊቹን አስቀምጦ እጁን ታጠበና የላይኛውን ቆቤን በጥጥ እንጨት ገለበጠው። ያችን ወጣት መርማሪ ጠርቶ «ነዪ እዪ» አላት። እሷም ጎንበስ ብላ አየች።

«መቼ ጀመረሽ?» አለኝ።

«ከአውሮፕላኑ በፊት።»

«ባለፈው ግን አልታየም።»

«ነቅዬ ነው የመጣሁት። ሁላችንም ነቅለን ነው የመጣነው።»

«ለምን?»

«አንተ ሰው ቤት ስትጋበዝ ፊትህን ሳትታጠብ ትሄዳለህ?»

ወጣቷ ሳቀችና አፏን ያዘች። እሱ አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ ቆሞ አልነገረኝም። ብሌኔ ላይ ያለው ጉም ሽፋሽፍቱ የፋቀው ጠባሳ ነው። ፎቶው የደበዘዘው በእሱ ነው እንጂ ስለተንቀሳቀስኩ አይደለም። ቆቡን በቀላል ቀዶ ጥገና ወደ ውጭ ማዞር ይቻላል፤ ቶሎ ከተሠራ ጉሙ ባይጠፋም አይጨምርም።

«ለጥናቱ ግን አትሆኚም» አለ። «በዚህ ጉም ውስጥ ሬቲናሽን ማየት አንችልም።»

«እኔ ጥናትህን አልፈለግኩም። ዓይኔን ነው።»

«ዓይንሽን በሚቀጥለው ሳምንት እሠራልሻለሁ።»

ልጄ ክንዴን ጨበጠች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንም አልነበረም። እኔ ግን «ሌሎቹስ?» አልኩ።

«አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ሳይነቅሉ እንዲመጡ ንገሪያቸው።»

«አልነግርም።»

«ለምን?»

ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ለክርክር ይመቻል። «ደህና ናችሁ ያላቸው የእናንተ አፍ ነው። የእኔ አፍ በርበሬ ነው የሚሸጠው። አላየንም፣ ተሳስተናል የሚለውም የእናንተው አፍ ይሁን። ገዴራ ድረስ መጥታችሁ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ።»

«እዚህ የምሠራው ሥራ አለኝ። ካልመጣሁ ቀዶ ጥገናሽ ይቅር ነው የምትይኝ?»

እንዲህ አላልኩም ነበር። አላሰብኩትምም። ነገር ግን ዋጋውን የጠራው እሱ ነው፤ ሌላው ዋጋ ሲጠራ ዝም ብዬ አላውቅም።

«አዎ» አልኩ።

«ኢማ!» አለች ልጄ፤ የክፍሉ በር ተዘግቶ ነው እንጂ እስከ መኪና ማቆሚያው ይሰማ ነበር። ቀኟን፣ ያለችኝን አንዲት ዓይን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። እምቢ ቢለኝ ምን ልሠራ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ኮሪደሩ ላይ አልቅሼ እመለስ ነበር። ፊቴ ላይ ግን ይህ አይነበብም፤ ዕድሜ ልኬን የገዛሁበትን ዋጋ ፊቴ ላይ አላስነበብኩም።

ሐኪሙ ሳንድዊቹን አየ፣ እኔን አየ። «ቀኑን ንገሪኝ» አለ።

«እሑድ።»

መጣ። ወጣቷንም ይዞ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ያልነቀሉት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው አብጦ፣ አንዳንዷ በአፍረት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። የያቭኔዋ እማማም በአውቶቡስ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ለካ ሲሰድቡኝ ከርመው አልነቀሉም። አስተርጓሚ ሁኚ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ፤ የአዳራሹ ሠራተኛ ተረጎመች።

«ባለፈው ደህና ናችሁ ብለናችኋል» አለ። «በደንብ አላየንም። ምን ተሰምቷችሁ እንደመጣችሁም አልጠየቅናችሁም። እንደገና እናያችኋለን፤ እባካችሁ፣ ከዛሬ ወዲያ ሳትነቅሉ ኑ።»

እማማ ብድግ አሉ። «እንግዲያው ንጹሕ አይደለሁም?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በባትሪው አያቸው። «አይደለሽም» አለ።

«ለልጆቼ ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ! ለእስራኤል ሙሉ አውርቻለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በእንባም ነበር፣ የዚያን ቀን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ በባጋዤ ዙሪያ ክርክሩ አልቆመም፤ ይቅርታ ብሏል የሚሉ አሉ፣ አላለም፣ አላየንም ነው ያለው የሚሉ አሉ። እማማ አላለም ከሚሉት ወገን ናቸው። እኔ መጥቷል ባይ ነኝ።

ቀዶ ጥገናው ነቅቼ ነው የተሠራው። መርፌው ያማል፣ ከዚያ በኋላ መቀሱን መስማት ብቻ ነው። ፋሻው በተነሣ ማግስት ጠዋት ተነሥቼ አርገበገብኩ። ምንም። እንደገና አርገበገብኩ። ከስንት ዘመን በኋላ ዓይኔ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ በር ላይ ቆማ «ኢማ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምታርገበግቢው?» አለችኝ። «ስለቻልኩ» አልኳት።

ጉሙ አልጠፋም። አልጨመረም፤ ሐኪሙም ጠርዙ ላይ ሳስ ብሏል ይላል። ቀን ቀን እነዳለሁ፣ ሲመሽ ቤቴ ነኝ። የያቭኔዋ እማማ ሁለቱም ዓይናቸው ተሠርቷል። ያልተሠራላቸው አሁንም ብዙ ናቸው፤ ወረንጦም እንደገና እሸጣለሁ፣ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት በሕመም አትቀጣም። ነገር ግን ስሸጥ «ሐኪም ቤት መቼ ነሽ?» እላለሁ፤ ቀኑ ቅርብ ከሆነ ወረንጦውን መልሼ እከተዋለሁ። ይሰድቡኛል። ለምጄዋለሁ።

በቀደም ያቺ ጸሐፊ ደወለች። ድምፅዋ ማር ሆኗል።

«ሐኪሙ ጉሙ ስለሳሳ ሬቲናሽን ፎቶ ማንሣት እንደገና መሞከር ይፈልጋል። ለጥናቱ በጣም አስፈላጊ ነሽ። እሑድ ጠዋት ነዪ።»

«እሑድ ገዴራ ነኝ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ዕቃ አመጣለሁ።»

«ማክሰኞ?»

«ያቭኔ።»

ተነፈሰች። «ታዲያ መቼ ነው የምትመቺው?»

«ዓይኔን የፈለጋችኋት እናንተ ናችሁ» አልኳት። «እሑድ ጠዋት ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ባጋዡ ክፍት ነው። ሐኪምሽ መንገዱን ያውቀዋል፤ ካሜራውን ይዞ ይምጣ። ሰልፍ ካለ ግን ከኋላ ይቁም።»